አባባ ተስፋዬ ሣህሉ፦ 42 ዓመት ለልጆች የተናገሩ ሰው
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደሚታወቀው በየዓመቱ የሒሳብ ሪፖርት ከመነበቡ በፊት አንድ ሰው ተነሥቶ ለአባላት የሚጠቅም ንግግር እንዲያደርግ ኮሚቴው ይመርጣል። አምና ስለ ስኳር በሽታ፣ ካቻምና ስለ ውርስና ኑዛዜ ሰምተናል። ዘንድሮ ተራው ለእኛ ደረሰ። እኛ ደግሞ ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ያላለፈ፣ ዕድሜያችንን በመዝገብ ቤት ፋይል ስናወጣና ስንመልስ የፈጀን ጡረተኞች ነን። ስለ በሽታም ሆነ ስለ ሕግ ለመናገር ድፍረቱ የለንም። ስለዚህ ሁላችንም በዓይናችን ስላየነውና በጆሯችን ስለሰማነው አንድ ሰው እንናገራለን ብለን ተነሣን። ሰውየው ተስፋዬ ሣህሉ ይባላሉ። በዚህ ስማቸው ብንጠራቸው ግማሻችሁ ማን ናቸው ትሉ ይሆናል። አባባ ተስፋዬ ስንል ግን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማያውቃቸው የለም።

ለምን ስለ እሳቸው ተነሣ የሚል ካለ፣ ዛሬ በአጀንዳው በተራ ቁጥር 5 የተያዘ የዕቃ ቤታችን ጉዳይ አለ። እዚያ ስንደርስ ምክንያቱ ይገባችኋል። ለጊዜው ስለ ሰውየው እንናገር።

ተስፋዬ ሣህሉ የተወለዱት በሰኔ ወር 1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ነው። ዘመኑ የንግሥት ዘውዲቱ፣ ራስ ተፈሪም አልጋ ወራሽ የነበሩበት ጊዜ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር 13 ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። እንግዲህ ያ ትውልድ ልጅነቱን ጦርነት የወሰደበት ትውልድ ነው። የእኛ አባቶችም የዚያው ትውልድ ነበሩና ጠባያቸውን እናውቀዋለን። አብዛኞቹ ከልጅ ጋር መጫወት አይችሉበትም ነበር። ልጅ ሲሮጥ ካዩ «አርፈህ ተቀመጥ!» ነው። ፍቅር ጠፍቷቸው አይደለም፤ መጫወቱን የት ለምደውት! እኚህ ሰው ግን ከዚያው ትውልድ ወጥተው ቀሪ ዕድሜያቸውን ልጅ ሲያጫውቱ ኖሩ። ይኼ እስከ ዛሬ ይደንቀናል።

ከነፃነት በኋላ በአዲስ አበባ ቴያትር መስፋፋት ሲጀምር ተስፋዬ ሣህሉ ከቀደሙት ተዋንያን አንዱ ነበሩ። ያን ጊዜ መድረክ ላይ የሚወጣ ሰው «አዝማሪ» እየተባለ ይሰደብ እንደነበር ታላላቆቻችን ያጫውቱን ነበር። ለወንዱ ስድብ ከሆነ ለሴት ልጅማ ምን ሊባል ነው! ሴት መድረክ ላይ መውጣቷ እንደ ነውር ይቆጠር ስለነበር በቴያትሩ ውስጥ ያለችውን እናት ወይም ሙሽራ የሚጫወተው ወንድ ነው። ተስፋዬም የሴት ልብስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን ለውጠው፣ ሴት ሆነው ተጫውተዋል። ይኼ ነገር ዛሬ ያስቃል። ነገር ግን እኛ እንደሚመስለን ኋላ ተረት ሲያወሩ አንዴ አሮጊት፣ አንዴ አንበሳ፣ አንዴ እመት ጦጢት የሚሆኑበት ጉሮሮ የተገራው እዚያ ነው።

በኮሪያ ጦርነት ጊዜም የቃኘውን ሻለቃ ወታደሮች ለማዝናናት እዚያው ድረስ ሄደዋል። ቃኘው በ1943 ዓ.ም. ከአገሩ ወጥቶ በማያውቀው ብርድና በማያውቀው ተራራ ላይ የተዋጋ ጦር ነው። እንግዲህ አስቡት፣ ወገኑ የሞተበት ወታደር ፊት ቆሞ ማሳቅ ቀላል ሥራ አይደለም። እኛ እድርተኞች ለቅሶ ቤት ሦስት ቀን ተቀምጠን ሐዘንተኛውን ፈገግ የሚያደርግ ወሬ ስንፈልግ ምን ያህል እንደምንቸገር እናውቀዋለን።

በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር፣ ይኸውም ኋላ ብሔራዊ ቴያትር የተባለው፣ በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት በዓል ምክንያት ተከፈተ። ተስፋዬም በዚያ መድረክ ላይ አገልግለዋል። የቴያትር ሥራቸውን በዚህ አሳጥረን እናልፈዋለን። እኛ በዚያን ጊዜ ገና ያልተወለድን ነንና የሰማነውን ከማውራት ያየነውን ብናወራ ይሻላል።

ስለ ቴሌቪዥን ከመናገራችን በፊት ስለ ራዲዮ አንድ ነገር እንበል። ራዲዮ ወደ አገራችን የገባው በ1927 ዓ.ም. ነው፤ ወዲያው ጦርነቱ መጣና ሥራው ተደናቀፈ። በእኛ ልጅነት ግን ራዲዮ ቡና ቤቱም ልብስ ሰፊውም ዘንድ ነበር። ራዲዮ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁን የሰማ ሰው መልኩን እንደፈቀደ ይሥላል። ቴሌቪዥን የመጣ ጊዜ ጉዳዩ ተለወጠ። ከሰፈራችን አንዲት አሮጊት እናት ዜና አንባቢው ብቅ ሲል ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ ያደርጉ ነበር። «ሰው እያየኝ!» ይላሉ። ስቀንባቸዋል። አሁን ስናስበው ግን ትክክል እሳቸው ነበሩ። በቴሌቪዥን የሚናገር ሰው ቤትህ የገባ እንግዳ ነው። እንግዳ መሆኑን የሚያውቅ አቅራቢ አለ፣ የማያውቅም አለ። አባባ ተስፋዬ ያውቁ ነበር፤ ለዚህም ነው ሰላምታቸውን ሳያቀርቡ ወደ ወሬ የማይገቡት።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተመረቀው በጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በዘውድ በዓል ዕለት ነው። ስቱዲዮው በማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ነበር። ሥርጭቱም በዚያን ጊዜ ከአዲስ አበባና ከአካባቢዋ አያልፍም፤ ምስሉም ጥቁርና ነጭ ነው። የልጆች ፕሮግራም ከጅምሩ ነበረ፤ አቅራቢውም ተስፋዬ ሣህሉ ሆኑ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው 41 ዓመት አልፎ ነበር። ልብ በሉ፣ በዛሬው ጊዜ በ41 ዓመቱ አዲስ ሥራ ልጀምር የሚል ሰው ቢመጣ «ዕድሜህ አልፏል» ብለው ነው የሚመልሱት። እሳቸው ግን ሥራውን ጀምረው እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስ 42 ዓመት ያህል ያዙት። ከመጀመራቸው በፊት የኖሩትን ያህል ደግመው ልጆች ፊት ተቀመጡ ማለት ነው።

በሰፈራችን ቴሌቪዥን የነበረው አንድ ቤት ብቻ ነበር። ጣራው ላይ አንቴና የተተከለበት ቤት ስለሆነ ከሩቁ ይታወቃል። የቤቱ እመቤት፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በር ላይ ባልዲ ውሃ ያስቀምጣሉ። «እግሩን ያልታጠበ አይገባም!» ነው ሕጉ። ተራ በተራ ታጥበን እንገባና ወለሉ ላይ ጉልበታችንን አቅፈን እንቀመጣለን። ኋላ የመጣ ይቆማል፤ ጨርሶ ቦታ ያጣ መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። ቴሌቪዥኑ እስኪሞቅ ድረስ ጊዜ ይፈጃል፤ በመጀመሪያ ድምፁ ይመጣል፣ ቆየት ብሎ ምስሉ ይከተላል። ድምፁ «ጤና ይስጥልኝ ልጆች!» ሲል ሰውየውን ገና ሳናያቸው በአንድ አፍ «ጤና ይስጥልን!» ብለን እንጮሃለን። የሚሰሙን ነበር የሚመስለን። እሳቸውም ዝም ብለው ጥቂት ይጠብቃሉ።

እዚያች ዝምታ ላይ ትንሽ እንቆይ። እኛ የአቅራቢነት ትምህርት አልተማርንም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ብዙ አቅራቢ አይተናልና ልዩነቱን ለመናገር እንደፍራለን። ሌላው አቅራቢ ሰላም ይልና ወዲያው ወደ ጉዳዩ ይሮጣል። አባባ ተስፋዬ ሰላም ብለው መልስ ይጠብቁ ነበር። በዚያች ጥቂት ጊዜ ውስጥ ሰሚው ልጅ ሰው ሆነ ማለት ነው። ቤታችን ውስጥ ትልቅ ሰው ለልጅ ሰላምታ አይሰጥም ነበር፤ ሰላም ማለት ያለበት ልጁ ነው። እሳቸው አንቱ የሚባሉ ትልቅ ሰው ሆነው ቀድመው ጤና ይስጥልኝ አሉን፤ እንደምን ናችሁ አሉን። እኛም ሰው የጠየቀን መስሎን ስለ ጤንነታችን ለሳጥኑ እንናገር ነበር።

ልጆችን «የዛሬ አበባዎች የነገ ፍሬዎች» እያሉ ይጠሯቸው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ስሙ የሚያምር ነው። እኛ ግን ከዚህ የበለጠ የምንወደው «አባባ» መባላቸውን ነው። በዚያ ወለል ላይ ከተቀመጥነው መካከል አባት የሌላቸው ነበሩ። አንዱ አባቱ በሥራ አደጋ የሞተበት ነበር፤ ሌላው አባቱን ጨርሶ አያውቅም። ትምህርት ቤት «የአባትህ ሥራ ምንድን ነው» ሲባሉ አንገታቸውን የሚደፉ ልጆች ናቸው። እዚያ ሳጥን ፊት ግን ሁላችንም እኩል «አባባ» የምንለው ሰው ነበረን። ባለ አባቱም አባት የሌለውም በአንድ ድምፅ ይጠራቸዋል። እድር እኮ የተቋቋመው የሞተውን ለመቅበር ብቻ አይደለም፤ የቀረውን ላለመጣል ጭምር ነው። እሳቸው ሳያውቁት ይህን ሥራ ይሠሩልን ነበር።

ተረታቸው አዲስ ነገር አልነበረበትም። አያ ጅቦ አለ፣ እመት ጦጢት አለች፣ አንበሳ አለ፣ አህያም አለች። ከአያቶቻችን አፍ የምንሰማው ነው። ሆኖም አያት ያለው ልጅ ሁሉ አልነበረም። ከገጠር ወጥቶ ከተማ የገባ ቤተሰብ አያቱን ገጠር ትቶ ነው የሚመጣው። አባት ከሥራ ደክሞ ይገባል፣ እናት እሳት ላይ ናት። ተረቱ ገጠር ቀረ። አባባ ተስፋዬ የቀረውን ተረት በማዘጋጃ ቤት ስቱዲዮ በኩል ወደ ከተማው መለሱት። ይኼ ትልቅ ነገር ነው፤ ተመራማሪዎችም ሊጽፉበት ይገባል።

አተራረካቸውን ደግሞ ያየ ያውቀዋል። ጅቡ ሲመጣ ድምፃቸው ይወፍራል፣ ጦጢት ስትመልስ ይቀጥናል። ዓይናቸው ይፈጣል፣ ቅንድባቸው ይነሣል። አጠገባቸው የሚቀመጡትን ልጆች መሐል ላይ ያቆሙና «ከዚያስ ምን ሆነ?» እያሉ ይጠይቃሉ። ከልጆቹ መካከል ተረት የሚያወራ፣ እንቆቅልሽ የሚጠይቅ ይጋበዛል። የሚንተባተብ ልጅ ሲመጣ አይቸኩሉም። ምትሃትም ያሳዩ ነበር። ያልነበረ ነገር ከእጃቸው ይወጣል፣ የነበረው ይጠፋል። እኛም በማግስቱ ሳንቲም ይዘን እሱን ለመሥራት እንታገላለን። ሳንቲሙ መጥፋቱን ይጠፋል፤ ችግሩ ተመልሶ አለመምጣቱ ነው!

መቼስ እንከን የሌለው ሰው የለምና አንድ ነገር እንናገር። ምክራቸው አንዳንዴ ይበዛ ነበር። ተረቱ ካለቀ በኋላ ወላጆቻችሁን ታዘዙ፣ ትምህርታችሁን አጥኑ የሚለው ሲረዝም በመስኮት የተንጠለጠሉት ቀስ እያሉ ይወርዱ ነበር። ሆኖም አንድ ልጅ በዚያ ምክር የተጎዳ አላየንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። እዚያው ሳጥን ውስጥ ምን ምን አልፎ ነው እሳቸው የቀሩት? በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ሊወርዱ አንድ ቀን ሲቀራቸው፣ በዚያው ቴሌቪዥን የወሎን ረሃብ የሚያሳየው የእንግሊዛዊው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም የቤተ መንግሥት ግብዣ እየተሰካበት ታየ። ያን ማታ እኛም ከታላላቆቻችን ኋላ ቆመን አይተናል። ተረት የምንሰማበት ሳጥን እንዲህ ያለ ነገር እንደሚያሳይ አስቀድመን አናውቅም ነበርና ደነገጥን። በማግስቱ መንግሥት ተለወጠ። ከዚያ በኋላ ስንቱ ተለወጠ! ዜና አንባቢው ተለወጠ፣ መዝሙሩ ተለወጠ፣ በሰንደቅ ዓላማው ላይ ያለው ምልክት ተለወጠ። ሬዲዮ የወንጌል ድምፅ የሚባለውም ጣቢያ በ1969 ዓ.ም. ተወረሰና ስሙ ሌላ ሆነ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ሌላ መንግሥት መጣ፤ እንደገና ምልክቱም መዝሙሩም ተቀየረ። በመካከሉ በ1970ዎቹ ዓመታት ምስሉ ከጥቁርና ነጭ ወደ ቀለም ተሸጋገረ፤ አባባ ተስፋዬንም ለመጀመሪያ ጊዜ በቀለም አየናቸው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ጅቡ ጅብ ነው፣ ጦጢትም ጦጢት ናት። ሦስት መንግሥት ያስተላለፈ አቅራቢ ነው የምንለው። በመዝገብ ቤት የሠራን ሰዎች ይኼ ምን ማለት እንደሆነ በደንብ እናውቃለን። መንግሥት ሲለወጥ በመጀመሪያ የሚለወጠው የደብዳቤው ራስጌና ማኅተሙ ነው። ቀጥሎ ሰው ይለወጣል። ትናንት የተከበረው ፋይል ዛሬ ምድር ቤት ይወርዳል። እንዲህ ባለው አገር አንድ ሰው ወንበሩ ላይ 42 ዓመት ሲቀመጥ በጉልበት አይቀመጥም፤ ለማንም ስለማያሰጋ ነው የሚል ሰውም ይኖራል። እኛ ግን እንዲህ እንላለን፤ ልጆቹ ስለጠበቋቸው ነው። የልጅ «አባባ» የሚባል ሰው ላይ እጁን ለማንሣት ማንም ቢሆን ልጁ ቤት እየጠበቀው ነውና ይቸገራል።

በደርግ ጊዜ ቴሌቪዥኑ ከሀብታሙ ቤት ወደ ቀበሌ አዳራሽ መጣ። የእኛ ልጆች አባባ ተስፋዬን ያዩት እዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው። በዚህኛው አዳራሽ እግር መታጠብ የለም፤ የሚገፋውም ብዙ ነው። በማታው ከሥራ ስንወጣ ልጆቻችንን ልናመጣ እንሄድና በር ላይ ቆመን ራሳችንን «ጤና ይስጥልን» ስንል እናገኘዋለን። ትልቅ ሰው ነን እኮ፣ ወገባችን ላይ የመሥሪያ ቤት ቁልፍ የታሰረ! አጠገባችን የቆሙትም እንዲሁ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ማንም ማንንም አላየም ብለን እናልፋለን። ተረታቸውንም በመጽሐፍ አሳትመው ነበርና አንዳንዶቻችን ለልጆቻችን ገዝተናል። ይሁን እንጂ መጽሐፉን ስናነብላቸው ልጆቻችን «አባባ ተስፋዬ እንዲህ አይሉትም» እያሉ ያርሙን ነበር።

ከ1998 ዓ.ም. በኋላ አባባ ተስፋዬ ከቴሌቪዥን ራቁ። ዕድሜያቸው ያን ጊዜ 80 አልፏል። ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ያህል ኖረዋል። የሥራቸው ዘመን ሲነገር ይህ 11 ዓመት ብዙ ጊዜ ይዘለላል፤ እኛ ግን አንዘለውም። ጡረታ የወጣ ሰው ያውቀዋል። ትናንት «ያ ፋይል የት ነው» ብሎ ሰው ሁሉ የሚፈልግህ፣ ዛሬ በዚያው በር ስታልፍ ዘበኛው «ወዴት ነው?» ይልሃል። አፍህ ውስጥ ያለው ነገር ግን ጡረታ አልወጣም። ለመናገር የለመደ ሰው ሰሚ ሲያጣ እንዴት ነው የሚውለው? በእነዚያ ዓመታት ጣቢያ በጣቢያ ላይ ተጨመረ፤ ሳህኑ በየጣራው በቀለ፤ ልጆቻችን የሌላ አገር ካርቱን ማየት ጀመሩ፤ ኋላም ስልክ መጣ። የልጅ ልጆቻችን ዛሬ ስልኩ ላይ ዓይናቸውን ተክለው ይውላሉ። ስልኩ ብዙ ያወራቸዋል። ሰላም ብሎ መልስ የሚጠብቃቸው ግን የለም።

አባባ ተስፋዬ በሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው አረፉ። በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበሩ። ዜናው በተሰማ ዕለት እኛ ዳቦ ቤት ተሰልፈን ነበር። ከፊታችን የቆመ ፀጉሩ ገብስማ የሆነ ሰው ስልኩን አየና «አባባ ሞቱ» አለ። የራሱ አባት የሞተበት መስሎን ነፍስ ይማር አልነው። ከዚያ ነው የገባን። ሰልፉ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ዝም አለ። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ሹፌሩ፣ አናጢው፣ መምህሯ። እንግዲህ ያ ሁሉ አንድ ጊዜ ወለል ላይ ጉልበቱን አቅፎ የተቀመጠ ልጅ ነው። ለ11 ዓመት ስንቶቻችን ነን ሄደን ደጃቸውን የረገጥን? የቀብር ነገር ሲሆን እኛ ኢትዮጵያውያን ማንም አያህለንም።

ይህን ካልን ወደ ተራ ቁጥር 5 እንሂድ።

አምና በመጋቢት ወር ከእድራችን አንዲት እናት እንዳረፉ ታስታውሳላችሁ። ስማቸውን አንጠራም፣ ቤተሰባቸው እዚህ አሉ። ዕድሜያቸው 80 አልፎ ነበር። ገንዘብ ያዣችን የሚገባውን በዕለቱ ከፍሏል። ድንኳኑ ከቀኑ 9 ሰዓት ሳይሆን ተተክሏል፤ ወንበሩና ድስቱ ተሟልቷል፤ ጡሩምባ ነፊያችንም ሰፈሩን ሦስት ጊዜ ዞሯል። መተዳደሪያ ደንባችን የሚያዘው ሁሉ ተፈጽሟል፤ ኮሚቴው ይመሰገናል። ነገር ግን በሦስተኛው ቀን ልጃቸው አንድ ነገር ነገረችን። እናቷ ከ100 የሚበልጥ እንቆቅልሽ ያውቁ ነበር። ተረቱማ አይቆጠርም። በመጨረሻዎቹ ዓመታት የልጅ ልጆቻቸው ስለማይሰሟቸው ማታ ማታ ለብቻቸው እያጉረመረሙ ይጠይቁና ራሳቸው ይመልሱ ነበር። እኛ ያችን እናት 30 ዓመት ሙሉ በየለቅሶው አይተናቸዋል። አንድ ቀን «እንቆቅልሽ ያውቃሉ ወይ?» ብለን አልጠየቅናቸውም፤ ማንስ ይጠይቃል?

የዕቃ ቤታችን ፊት ለፊት ያለው ክፍል ከዓመት እስከ ዓመት ተዘግቶ ነው የሚውለው። በውስጡ 60 ወንበርና 12 አግዳሚ አለ። ለቅሶ ካልመጣ ማንም አይቀመጥባቸውም። አሁን ክረምት ነው፣ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ልጆቹ ሜዳ ላይ ናቸው። ያቀረብነው ሐሳብ ይኸውና፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ክፍሉ ይከፈትና ከእድራችን ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ለመናገር ፈቃደኛ የሆነው ለሰፈሩ ልጆች ተረት ያውራ፣ እንቆቅልሽ ይጠይቅ። አባባ ተስፋዬን የሚያህል የለንም። አያስፈልግምም። ከልጁ ፊት ተቀምጦ ሰላም ብሎ መልሱን የሚጠብቅ ሰው ይበቃል።

በኮሚቴው ውስጥ ሦስት ተቃውሞ ተነሥቷል፤ ሳንደብቅ እንነግራችኋለን። አንደኛው «የለቅሶ ወንበር ላይ ልጅ ማስቀመጥ ሟርት ነው» የሚል ነው። ይህን ያሉትን አባት እናከብራለን፤ ብዙ ሰውም በልቡ እንደሚያስበው እናውቃለን። ነገር ግን እኛ ሁላችን በእነዚያ ወንበሮች ላይ ስንት ጊዜ ተቀመጥን? ተነሥተን ወደ ቤታችን ገብተናል እኮ። ደግሞም ልጆቹ ወለል ላይ ቢቀመጡ እኛ ቅር አይለንም፣ ለምደነዋል፤ ወንበሩ ለተራኪው ብቻ ይሁን። ሁለተኛው የንብረት ጉዳይ ነው፤ ወንበር ቢሰበር ማን ይተካል የሚል ነው። ይኼ ትክክለኛ ጥያቄ ነውና እኛ ቁልፉን ተረክበን፣ በየቅዳሜው ዕቃውን ቆጥረን ለማስረከብ ተዘጋጅተናል። ቆጥሮ መረከብና ማስረከብ ሥራችን ነበር። ሦስተኛው ደግሞ ለቅሶ በቅዳሜ ቢመጣስ የሚል ነው። ለቅሶ ከመጣ የዕለቱ ተረት ይቀራል፣ ለቅሶው ይቀድማል። በዚህ ላይ ክርክር የለንም።

ለመጀመሪያው ቅዳሜ ሁለት ሰው አግኝተናል። አንደኛዋ እዚህ ከኋላ ተቀምጠው «እኔ ምን አውቃለሁ» እያሉ የሚስቁት እናት ናቸው፤ የዝንጀሮዋንና የገበሬውን ተረት ያውቁታል፣ ትናንት አስወርተናቸዋል። ሁለተኛው ጡሩምባ ነፊያችን ናቸው። የእሳቸው ድምፅ በዚህ ሰፈር ለሞት ብቻ ሲጠራ ኖሯል፤ ልጆቹ ከሩቅ ሲያዩዋቸው ይሸሻሉ። እሳቸውም ይህን ስለሚያውቁ «ልጆቹ እኔን ካዩ አይገቡም» ብለው ፈርተው ነበር። ጡሩምባውን ቤት ትተው እንዲመጡ ተስማምተናል።

አሁን ሊቀመንበሩ እጅ ያስቆጥሩ። ጥያቄ ያለው አባል ከድምፁ በፊት ይናገር።